ስልክና ሊኑክስ በአንድ ገመድ፦ ጥያቄና መልስ

ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ኢንተርኔት ስለ መጋራትና ፋይሎችን ስለ ማመሳሰል የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ተቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬን በገመድ ስሰካው ባትሪው ይሞላል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን አዲስ የኔትወርክ መስመር አይታይም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከገመዱ ይጀምሩ። አንዳንድ ገመዶች የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ብቻ ስለሚይዙ ስልኩን ይሞላሉ እንጂ ዳታ አያሻግሩም። ስልኩን ከሰኩ በኋላ «ኤልኤስዩኤስቢ» የተባለው ትእዛዝ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ አዲስ መሣሪያ ካልታየ፣ ቅንብር በመነካካት ጊዜዎን አያባክኑ፤ ገመዱን ይቀይሩ። መሣሪያው ታይቶ መስመሩ ካልተፈጠረ ደግሞ በስልኩ ላይ የዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለው ምርጫ) መብራቱን ያረጋግጡ፤ ይህ ምርጫ ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ይጠፋልና እንደ በራ ይቆያል ብለው አይተማመኑበት።

ቴተሪንግ ሲበራ ስልኩ ለኮምፒውተሩ ራሱን የሚያቀርበው እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ይህንን የሚያደርጉት ማይክሮሶፍት ባወጣው አርኤንዲአይኤስ በተባለ ፕሮቶኮል ሲሆን፣ አንዳንድ አዳዲሶች ደግሞ ኤንሲኤም የተባለውን ይጠቀማሉ፤ ሊኑክስ ለሁለቱም የከርነል ሞጁል (የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ሲያስፈልገው የሚጭነው ቁራጭ ፕሮግራም) አለው። እኔን ግማሽ ቀን ያስፈጀኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ከርነሉን አዘምኜ ኮምፒውተሩን ዳግም ሳላስነሳ ስልኩን ሰካሁት፤ ዝማኔው በሥራ ላይ ያለውን የአሮጌውን ከርነል ሞጁሎች ከዲስክ ስላጠፋቸው አስፈላጊው ሞጁል ሊጫን አልቻለም። ስለዚህ ትናንት ይሠራ የነበረው ነገር ዛሬ እምቢ ካለ፣ ሌላ ነገር ከመሞከርዎ በፊት ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሡት።

ጥያቄ፦ መስመሩ ተፈጥሯል፤ አይፒ አድራሻ ግን አላገኘም። በእጄ ልስጠው?

መልስ፦ አይስጡት። በዚህ ግንኙነት ራውተሩ ስልኩ ነው፤ አድራሻም በዲኤችሲፒ (አድራሻን በራሱ በሚያከፋፍለው ፕሮቶኮል) የሚያድለው እርሱ ነው። የቆዩ አንድሮይድ ስልኮች ምንጊዜም 192.168.42.129 የተባለውን አድራሻ ለራሳቸው ይይዙ ስለነበር በእጅ መሙላት ይሠራ ነበር፤ አዳዲሶቹ ግን የአድራሻውን ክልል ስለሚቀያይሩ ዛሬ የሞሉት ቁጥር ነገ ከንቱ ይሆናል። አስቀድመው የሞሉት ቋሚ አድራሻ ካለ ይሰርዙትና መስመሩን ወደ አውቶማቲክ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ የእኔ ስልክ አይፎን ነው። ልዩነት አለው?

መልስ፦ አለው። የአይፎን ድራይቨር (ስልኩን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከ2010 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ «ዩኤስቢ መክስ ዲ» የተባለው አገልግሎት መጫን፣ ስልኩ ሲከፈትም «ይህን ኮምፒውተር ያምኑታል?» ለሚለው ጥያቄ አዎንታ መስጠት ያስፈልጋል። ግንኙነቱ ሲሰምር ስልኩ 172.20.10.1 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ከ172.20.10.2 እስከ 172.20.10.14 ካሉት አንዱን ያገኛል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ በዋይፋይ ተገናኝቶ ሳለ ስልኩን ለሌላ ጉዳይ በገመድ አገናኘሁት፤ በማግስቱ የሞባይል ዳታዬ አልቆ አገኘሁት። ለምን?

መልስ፦ ምክንያቱ ኔትወርክ ማኔጀር (በሊኑክስ ላይ የኔትወርክ ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) የስልኩን መስመር እንደ ማንኛውም የኬብል መስመር መቁጠሩ ነው። ወደ ኢንተርኔት የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ሲኖሩ ከርነሉ የሚመርጠው ሜትሪክ የተባለው ቁጥር የሚያንሰውን ነው፤ ኔትወርክ ማኔጀር ለኬብል የሚሰጠው መነሻ ቁጥር 100፣ ለዋይፋይ ደግሞ 600 ስለሆነ፣ ስልኩ እንደተሰካ ዋይፋዩ ሳይቋረጥ ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል፤ አዲስ የሚከፈተው ግንኙነት ሁሉም በስልኩ በኩል ይወጣል። በስልኩ መስመር ቅንብር ውስጥ ሜትሪኩን 700 ካደረጉት፣ ስልኩ ዋይፋይ ሲጠፋ ብቻ የሚሠራ ተጠባባቂ ይሆናል። ኢንተርኔት ፈጽሞ በስልኩ እንዳያልፍ ከፈለጉ ደግሞ መስመሩ ነባሪ መንገድ (ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው መደበኛ መውጫ) እንዳይሆን የሚያዝዘውን ምርጫ ያብሩ። አንድሮይድ አድራሻ ሲያድል ግንኙነቱ ዳታው የሚቆጠር መሆኑን የሚናገር ምልክት አብሮ ይልካል፤ ኔትወርክ ማኔጀርም ይህን ያነባል፤ ይሁን እንጂ ምልክቱን የሚያከብሩት አንዳንድ ፕሮግራሞች ብቻ ስለሆኑ እኔ የምመካው በሜትሪኩ ነው።

ጥያቄ፦ ቅንብሩን አስቀምጬው ነበር፤ ስልኩን ነቅዬ ስሰካው ግን ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ መስመር ያየዋል።

መልስ፦ ብዙ ስልኮች ቴተሪንግ በበራ ቁጥር አዲስ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ይፈጥራሉ፤ የመስመሩ ስም ከማክ አድራሻው የሚወሰድ ከሆነ ስሙም አብሮ ይለወጣል። ቅንብሩን ከማክ አድራሻም ከስምም ጋር አያስሩት፤ ሲስተምዲ ኔትወርክዲ በተባለው ሌላ የኔትወርክ ማስተዳደሪያ የሚሠሩ ከሆነ በድራይቨሩ ስም ይለዩት።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ያለው በኮምፒውተሩ ላይ ሲሆን፣ በገመዱ ለስልኩ ማካፈል ይቻላል?

መልስ፦ በሊኑክስ በሚሠሩ ስልኮች ላይ ቀላል ነው። ለምሳሌ ፖስትማርኬት ኦኤስ የተጫነበት ስልክ በገመዱ ላይ 172.16.42.1 የተባለውን አድራሻ ይይዛል፤ በኮምፒውተሩ ላይ የአይፒ ማስተላለፍን (ዳታን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ማሳለፍን) አብርተው በፋየርዎሉ የአድራሻ ሽፋን ደንብ (የስልኩ ዳታ በኮምፒውተሩ አድራሻ እንዲወጣ የሚያደርገውን) ከጨመሩ በኋላ፣ በስልኩ ላይ ነባሪውን መንገድ ወደ ኮምፒውተሩ ማዞርና ዲኤንኤስ (ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) መሙላት ብቻ ይቀራል። ዲኤንኤሱ ሲረሳ በቁጥር የተጠራ አድራሻ ይመልሳል፣ በስም የተጠራው ግን አይመልስም። ለተራ አንድሮይድ ስልክ ግን በኤዲቢ (አንድሮይድ ስልክን ከኮምፒውተር ማዘዣ መሣሪያ) በኩል የሚሠራ «ግኒርሄቴት» የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ።

ጥያቄ፦ ፎቶዎቼንና ሰነዶቼን በየጊዜው ማመሳሰል እፈልጋለሁ። በተለመደው የፋይል ማስተላለፊያ ስሞክር ግን ሁሉንም ከመጀመሪያ ይቀዳል።

መልስ፦ የተለመደው ማስተላለፊያ ኤምቲፒ ነው፤ ጥቂት ፎቶ ለመቅዳት ይበቃል፣ ለማመሳሰል ግን አልመክረውም። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ የተለወጡበትን ቀን ሳይጠብቅ ስለሚያሻግር፣ የማመሳሰያው ፕሮግራም ያልተነካውን ፋይል ሁሉ እንደ ተለወጠ ይቆጥረዋል።

የተሻለው መንገድ አሁን የገለጽነውን የኔትወርክ መስመር ለዚህም መጠቀም ነው። በስልኩ ላይ ተርመክስን (በአንድሮይድ ላይ የሊኑክስ ትእዛዞችን የሚያሠራውን መተግበሪያ) ጭነው ኤስኤስኤችን (ከሌላ መሣሪያ ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ መግቢያውን) እና አርሲንክን (የተለወጠውን ብቻ የሚቀዳውን የማመሳሰያ ፕሮግራም) ያስገቡ፤ የተርመክስ ኤስኤስኤች የሚያዳምጠው በፖርት (አንድ ፕሮግራም ግንኙነት በሚቀበልበት የበር ቁጥር) 8022 ነው። ስልኩ ራውተር በመሆኑ ዲኤችሲፒው የሰጠው የጌትዌይ (የመውጫ በር) አድራሻ የስልኩ አድራሻ ነው፤ ሌላ ፍለጋ አያሻም። ከላይ እንደተባለው ነባሪ መንገድ መሆኑን ከከለከሉ፣ ማመሳሰሉ በገመዱ ላይ ብቻ ይመላለሳል፤ ከሞባይል ዳታው አንድም ባይት አይነካም፤ ኢንተርኔቱም በዋይፋይ ይቀጥላል። ቴተሪንጉን ማብራት ካልፈለጉ፣ ኤዲቢ በኮምፒውተሩ ላይ ያለን አንድ ፖርት በዚያው ገመድ ወደ ስልኩ 8022 ሊያሸጋግርልዎ ይችላል፤ አርሲንኩም ስልኩን በኮምፒውተሩ በራሱ ላይ እንዳለ አድርጎ ያገኘዋል።