አጎቴ ጣቱን አይተው የጠረጠሩት ሴራ

ጥያቄ፦ በጅማ የሄርማታ ነዋሪ ነኝ። ባለፈው የፖሊዮ ዘመቻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን መጥታ ለልጄ ሁለት ጠብታ ከሰጠችው በኋላ የግራ እጁን ትንሽ ጣት ቀለም ቀባችው። አጎቴ ቡና ላይ ተቀምጠው ጣቱን አዩና፣ «ምልክት እያደረጉበት ነው፤ ክትባቱ ዘር ለማጥፋት የመጣ ነው» አሉ። ወሬ ነው ብላቸው፣ «እንግሊዝና ፈረንሳይ አገራችንን ቆርሰው ለጣሊያን ሊሰጡ በስውር አልተስማሙም?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። እውነተኛውን ሴራ ከፈጠራው በምን ልለየው?

መልስ፦ በታሪኩ አጎትዎ አልተሳሳቱም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ማብቂያ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለሙሶሊኒ የሚያስረክብ ዕቅድ ፓሪስ ላይ በምስጢር ነድፈዋል። ይሁን እንጂ ምስጢሩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ሆነው ሳለ፣ ዕቅዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ፤ የእንግሊዝም ሕዝብ ስለተቆጣ ሆር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በሕክምናውም አጎትዎ ያላነሱት፣ ከዚህ የከፋ እውነት አለ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በቱስኪጊ አካባቢ፣ የመንግሥት የጤና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ወንዶች፣ የበሽታቸውን ስም ደብቀዋቸው፣ ፔኒሲሊን ፈዋሽነቱ ከታወቀም በኋላ ሳያክሙ ይከታተሏቸው ነበር። ይህንንም ያጋለጠው የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረው ፒተር ባክስተን ነው። የሚገርመው፣ ሐኪሞቹ ውጤቱን በሕክምና መጽሔቶች ላይ ሲያትሙት ኖረዋል።

በሁለቱም ውስጥ ዓላማው የተወሰነ፣ ሰዎቹ የተቆጠሩ፣ ወረቀቱም የሚገኝ ነበር። የአጎትዎ ሴራ ግን ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የራሳቸውንም ልጆች እያስከተቡ፣ አንድ ምስጢር ይዘው እንዲኖሩ ይጠይቃል። መደበኛው የክትባት መርሐ ግብር በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተከተቡት ሕፃናት ዛሬ ወልደው ልጆቻቸውን ያስከትባሉ፤ የሕዝባችንም ቁጥር ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ዘር ለማጥፋት ታስቦ ከሆነ፣ እንዲህ የከሸፈ ሴራ አላውቅም። ቀለሙ የተከተበውን ልጅ ካልተከተበው ለመለየት የሚቀባ ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት ይለቃል።

እኔ ግን ከቁጥሩም ይበልጥ የማየው፣ ማስረጃ ሲቀርብ ወሬው የሚሆነውን ነው። «ቁጥሩንም የጻፉት እነሱው ናቸው» ከተባለ፣ ማስረጃ በመጣ ቁጥር የሴረኞቹ ብዛት ይጨምራል እንጂ ወሬው አይፈተንም። እንግዲህ አጎትዎን በአክብሮት፣ «ምን ቢገኝ ሐሳብዎን ይለውጣሉ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሳቸው ቢዘገይም የልጁን ቀጠሮ አያሳልፉ።