የዘመመ ሕንፃን ኦሪጅናሉን ሳይነኩ ስለ ማቃናት

ሰላም ለእርስዎና ለቡድኑ አባላት በሙሉ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ከደረጃው ሥር ሆነው ካሜራዎን ወደ ላይ አነጣጥረው ሲያነሱት ማማው ወደ ኋላ የወደቀ እንደሚመስል፣ በፎቶሾፕ የፐርስፔክቲቭ ክሮፕ መሣሪያ (ምስሉን እያቃና በሚቆርጠው) አቃንተው ጄፔጉን፣ ማለትም የምስል ፋይሉን፣ በዚያው ስም ካስቀመጡት በኋላ ግን ደንበኛዎ ከማማው በላይ ተጨማሪ ሰማይ እንዲኖር ሲጠይቅ መመለሻ እንዳጡ ጽፈዋል። የአክሱም ሐውልቶችንም በዚሁ መንገድ ማቃናት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ሕንፃዎችንና ቅርሶችን በማንሳት ሥራ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ የማውቀውን በዝርዝር ላቅርብ።

መስመሮቹ ወደ ላይ እየተጠጋጉ የሚሄዱት በሌንሱ ጉድለት አይደለም። ካሜራው ወደ ላይ ሲያነጣጥር ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑ ይቀራል፤ የሕንፃው ጫፍ ከእግሩ ይልቅ ስለሚርቅም አንሶ ይታያል። ሶፍትዌሩ ይህን የሚያርመው የምስሉን የላይኛውን ክፍል ወደ ጎን በመለጠጥ ነው። በኦሪጅናሉ ላይ 1000 ፒክሰል ስፋት የነበረው ጫፍ 1500 እንዲሞላ ሲለጠጥ፣ የተጨመረው 500 ፒክሰል በካሜራው የተመዘገበ ሳይሆን ከአጠገቡ ካሉት ፒክሰሎች በስሌት የተገኘ ነው። ስለዚህ ትናንት የተለጠጠውን ጄፔግ ዛሬ እንደገና መለጠጥ በስሌት ላይ ስሌት መደረብ ነው፤ የመስኮቶቹ ጠርዝ እየደበዘዘ የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። ኦሪጅናሉን በማይነካው አሠራር ግን የሚቀመጠው የእርማቱ መመሪያ ብቻ ስለሆነ፣ ሐሳብዎን የቱንም ያህል ጊዜ ቢቀያይሩ ስሌቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ካልተነካው ፋይል ነው።

እኔ አብዛኛውን ሥራ የምሠራው ኦሪጅናሉን ሳይነካ ፎቶ በሚያርመው ሶፍትዌር በላይትሩም ነው። በቅድሚያ የሌንስ ፕሮፋይል እርማቱን አበራለሁ፤ ሰፊ ሌንስ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ትንሽ ስለሚያጎብጠው፣ ጉብጠቱ ሳይታረም የሚሰመር መስመር ከግድግዳው ጋር በትክክል አይገጥምም። ቀጥሎ በትራንስፎርም ፓነል ውስጥ አፕራይት ከሚባሉት አማራጮች ጋይድድ የሚለውን እመርጣለሁ። አውቶ የሚለው ፈጣን ቢሆንም የትኛው መስመር ቀጥ ማለት እንዳለበት የሚወስነው ራሱ ስለሆነ፣ ለሕንፃ ሥራ አላምነውም። በጋይድድ ግን ቢያንስ ሁለት፣ ቢበዛ አራት መስመር ራስዎ ያሰምራሉ። ለማዘጋጃ ቤቱ ሁለቱን መስመሮች በማማው ግራና ቀኝ ማዕዘን ላይ፣ በተቻለ መጠን ተራርቀውና ረዝመው እንዲሰመሩ ምስሉን አጉልተው ያስቀምጧቸው። አጭር መስመር ላይ የምትፈጠር የአንድ ፒክሰል ስህተት በምስሉ ሙሉ ቁመት ላይ ጎልታ ትታያለች።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ቸኩለን የምናልፈው ነገር አለ። መስመሮቹ ፍጹም ትይዩ ሲሆኑ ከቅርብ የተነሳ ረጅም ሕንፃ አናቱ የከበደ ይመስላል፤ ዓይናችን ወደ ላይ ስናይ ጥቂት መጥበብን ይጠብቃልና። ስለዚህ ከጋይድድ በኋላ ቨርቲካል የሚለውን ስላይደር በጥቂቱ ወደ ኋላ መልሼ ትንሽ መጠጋጋት እተዋለሁ። የሕንፃው ቁመትና ስፋት ምጣኔ ከተዛባ ደግሞ አስፔክት በሚለው ይስተካከላል፤ ለዚህ እንዲረዳኝ ከሕንፃው መስኮቶች አንዱን ፊት ለፊት ቆሜ ለብቻው አነሳና ምጣኔውን ከእሱ ጋር አመሳክራለሁ። የማማው ጫፍ ከፍሬሙ ወጥቶ ከሆነ ስኬል የሚለውን ከ100 ዝቅ ማድረግ መልሶ ያስገባዋል። ክሮፑ፣ ማለትም ጠርዙን መቁረጡ፣ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

በፎቶሾፕ መቀጠል ከፈለጉ ሌየሩን (ምስሉ ያለበትን ንብርብር) መጀመሪያ ኦሪጅናሉን በውስጡ ጠብቆ ወደሚይዘው ስማርት ኦብጀክት ቀይረው የካሜራ ሮው ፊልተርን ይጠቀሙ፤ እርማቱ ከሌየሩ ሥር ስለሚቀመጥ ድርብ ክሊክ አድርገው በፈለጉት ጊዜ ይከፍቱታል። በተለመደው የክሮፕ መሣሪያ ሲቆርጡም የተቆረጡትን ፒክሰሎች ሰርዝ የሚለውን ምልክት ያንሱት። ፐርስፔክቲቭ ክሮፕ ይህን ዕድል አይሰጥም። በክፍያ ሶፍትዌር ለማይጠቀሙ አባላት ዳርክቴብል የተባለው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ማዞሪያና ፐርስፔክቲቭ የሚያርም ሞጁሉ ኦሪጅናሉን ሳይነካ ይሠራል።

የአክሱም ሐውልቶች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም የተተከለው፣ 24 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሐውልት ሲቀረጽ ጀምሮ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ሁለቱን ጠርዞቹን በጋይድድ መስመር ከያዟቸው ሶፍትዌሩ ትይዩ ያደርጋቸዋል፤ የሚያገኙትም ጠራቢዎቹ ያልሠሩት ሐውልት ነው። 21 ሜትር ገደማ የሆነው የኢዛና ሐውልትም ዘንበል ብሎ የቆመ በመሆኑ፣ እሱን ቀጥ ማድረግ ስለ ቅርሱ ይዞታ ተመልካችን ማሳሳት ነው። መታረም ያለበት የካሜራው መዘንበል እንጂ የድንጋዩ ቅርጽ አይደለም። ስለዚህ ከተቻለ መስመሮቹን በፍሬሙ ውስጥ ባለ ሌላ፣ ቀጥ ማለቱ በተረጋገጠ የሕንፃ ማዕዘን ላይ ያሳርፉ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ፣ ራቅ ብለው፣ በካሜራው ውሃ ልክ ታግዘው፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብሉ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ያንሱ። በዚያ ፎቶ ላይ የሐውልቱን የጫፍና የእግር ስፋት ለክተው ምጣኔውን ካወቁ፣ የቅርቡን ፎቶ ቨርቲካል በሚለው ስላይደር እዚያው ምጣኔ እስኪደርስ ብቻ ያርሙታል።

የደንበኛዎን ጥያቄ በተመለከተ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሮው ፋይል (ካሜራው የመዘገበው ያልተነካ ፋይል) በሜሞሪ ካርዱ ላይ ካለ አዲስ ሥራ ከእሱ ይጀምሩ፤ በላይትሩም ቨርቹዋል ኮፒ (ፋይሉን ሳያባዛ ሌላ የእርማት መመሪያ የሚይዝ ቅጂ) ሠርተው ጠበብና ሰፋ ያለውን አማራጭ ጎን ለጎን ሊያሳዩትም ይችላሉ። የቀረው የተቆረጠው ጄፔግ ብቻ ከሆነ ግን የተቆረጠው ሰማይ በውስጡ ስለሌለ ተመልሶ ማንሳት ይሻላል። ያን ጊዜ እርማቱ ከጎንና ከላይ ብዙ ስለሚበላ፣ በማማው ዙሪያ ከሚያስፈልግዎ በላይ ቦታ ትተው ያንሱ።