ሴሌሮን ኤን4000 ወይስ ኮር አይ3-5005ዩ?
ሰላም ወንድሜ። ከሁለቱ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩ አንጎል) የቱ ይሻላል ላልከው፣ እኔ አይ3ቱን እመርጣለሁ። ሴሌሮኑ በዕድሜ አዲስ ነው፤ አዲስ ሁሉ ግን ፈጣን አይደለም። ሁለቱም ባለ 2 ኮር (ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ናቸው። አይ3ቱ ግን 4 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) አለው፣ ሴሌሮኑ 2 ብቻ። ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ከፍተህ ስትሠራ ልዩነቱ ይታወቅሃል። የሴሌሮኑ የ2.6 ጊጋኸርዝ ፍጥነት አያታልልህ፤ እዚያ የሚደርሰው ለአጭር ጊዜ ነው፣ መነሻው 1.1 ነው። አይ3ቱ 2.0 ነው፣ ከዚያም አይጨምርም።

በባትሪ ቁጠባ ሴሌሮኑ ይበልጣል፤ 6 ዋት ነው፣ ያኛው 15። ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚደግፈው ሴሌሮኑን ነው። ይሄ የግድ ካስፈለገህ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ማከማቻውን እይ። አይ3ቱ ሃርድ ዲስክ ካለው በኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ቀይረው፣ ሌላ ማሽን ይሆንልሃል። ብዙ የኤን4000 ላፕቶፖች ግን ማከማቻቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም።