ከርሰሩ ቴሌቪዥን ላይ ሲጎተትና ሲጠፋ

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ሙሽሮች የሰርግ ፎቷቸውን የሚመርጡት ላፕቶፔን ያለ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼ ነው። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ቴሌቪዥኑ ላይ ከርሰሩ (የማውሱ ቀስት) ወደኋላ ይቀራል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ ኢንተርኔቱ የለበትም። ስክሪንን ያለ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን የሚልከው ሚራካስት የተባለው ዘዴ ሁለቱን ዕቃዎች በዋይፋይ በቀጥታ ስለሚያገናኝ ዳታ ባይኖርዎትም ይሠራል። መጎተቱና መጥፋቱ ግን ምክንያታቸው ይለያያል።

መጀመሪያ ዓይንዎን ከቴሌቪዥኑ አንሥተው ላፕቶፑን ይዩ። እዚያም ከርሰሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የማውሱ ነው። ገመድ አልባ ማውስ፣ ብሉቱዝም ሆነ በዩኤስቢ የሚሰካው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ዋይፋዩም በዚያው ላይ ከሆነ ይሻማሉ። ባለ ገመድ ማውስ ሰክተው ይሞክሩ።

ላፕቶፑ ላይ ደኅና ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ምስሉን ጨምቆ ሲልክ፣ ቴሌቪዥኑም ሲፈታና ሲያሳምር የሚጠፋ ጊዜ ነው። ይህን መቀነስ እንጂ ማጥፋት አይቻልም። ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹና ማውሱን ድንገት ይግፉት። ቪዲዮው በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነ አንዱ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በ6 ፍሬም ከዘገየ 200 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። አሁን የቴሌቪዥኑን የምስል ምርጫ ወደ «ጌም ሞድ» ይቀይሩ። ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና «ኬ»ን አንድ ላይ ተጭነው፣ በተገናኘው ቴሌቪዥን ሥር ካለው የፕሮጀክሽን ሞድ ምርጫ «ጌሚንግ»ን ይምረጡ፤ «ቪዲዮ» የሚለው ምስል እንዳይቆራረጥ ብሎ ሆን ብሎ ያዘገያል። ቻርጀሩንም ይሰኩ፤ በባትሪ ሲሠራ ዋይፋዩ ኃይል ሊቆጥብ ይችላል። ከዚያ እንደገና ቀርጸው ፍሬሙን ይቁጠሩ።

ሲጠፋ ደግሞ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየውን ይመልከቱ። ፎቶዎቹ ሳይኖሩ ባዶ ዴስክቶፕ ብቻ ከሆነ፣ ስክሪኑ «ኤክስቴንድ» ላይ ነው ማለት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሁለተኛ ስክሪን ስለሚሆን ከርሰሩ ላፕቶፑ ላይ ሲሆን እዚያ አይታይም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣና እንደገና ሲያገናኙ ይህን ልብ ይበሉ። የዊንዶውስ ቁልፍና «ፒ»ን ተጭነው «ዱፕሊኬት» ያድርጉት። ምስሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ከርሰሩ ብቻ ከሌለ ግን፣ የግራፊክስ ክፍሉ ከርሰሩን ከምስሉ በላይ ለብቻው እየደረበው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚላከው የሥረኛው ምስል ብቻ ሆኗል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ፣ ማውስ፣ «አዲሽናል ማውስ ኦፕሽንስ»፣ «ፖይንተር ኦፕሽንስ»፤ እዚያ «ዲስፕሌይ ፖይንተር ትሬይልስ» ላይ ምልክት አድርገው ርዝመቱን ወደ አጭሩ ጫፍ ይሳቡት። ያኔ ዊንዶውስ ከርሰሩን ራሱ ምስሉ ላይ ይሥለዋል። ለዘለቄታው የግራፊክስ ድራይቨሩን (ክፍሉን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ያድሱ።

ያም ሆኖ ለእርስዎ ሥራ ባለ 5 ሜትር ኤችዲኤምአይ ገመድ ብንመክር እንመርጣለን። ሙሽራዋ «ያችኛዋን» ስትል ከርሰሩ ሌላ ፎቶ ላይ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ከርሰሩ ወደ ታች ሲወርድ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ውጭ ይሰወራል፤ የታችኛው መስመርም አይታይም።

መልስ፦ ቴሌቪዥኑ ምስሉን አጉልቶ ጠርዙን እየቆረጠው ነው። በሪሞቱ የምስል መጠን ምርጫውን ይክፈቱና «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ያድርጉት፤ ስሙ እንደ ቴሌቪዥኑ ዓይነት ይለያያል።