በጅማ ኮከብ ማብራት፦ ስለ ፕላዝማና ስለ ውህደት ማሳያ መሣሪያ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አየርን ወደ ፕላዝማ (አተሞቹ ኤሌክትሮን ያጡበት የሚያበራ ጋዝ) ለውጦ የሚያበራ ትንሽ መሣሪያ ሠርቼ ለተማሪዎች አሳያለሁ። ፊውዘር ከሚባለው የኑክሌር ውህደት (ቀላል አተሞች ተጋጭተው አንድ የሚሆኑበት ሂደት) ማሳያ መሣሪያ ጋር በአሠራሩ አንድ ነው፦ አየሩ ተመጥጦ የወጣ የብረት ዕቃ፣ መካከሉ ላይ ከቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ኳስ መሰል መረብ፣ መረቡ ላይ ደግሞ አሉታዊ ከፍተኛ ቮልቴጅ። ያዩትም የሰሙትም ስለሚጠይቁኝ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ይህ ነገር በእውነት የኑክሌር ውህደት ያካሂዳል ወይስ ብርሃን ብቻ ነው?

የእኔው ብርሃን ብቻ ነው። ውስጡ የሚቀረው ጥቂት አየር ነው፤ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ደግሞ በዚህ ጉልበት አይዋሃዱም። ፊውዘርን ያፈለቀው አሜሪካዊው ፊሎ ፋርንስዎርዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 በኤሌክትሮኒክ ቴሌቪዥን ምስል ያስተላለፈው ሰው ማለት ነው። በ1960ዎቹ ከሮበርት ኸርሽ ጋር ሲሠሩበት በአየር ፈንታ ዲዩቴሪየም የሚባለውን ከባድ ሃይድሮጅን አስገቡ፤ ቮልቴጁንም ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ከፍ አደረጉ። ያኔ አዮኖቹ (ኤሌክትሮን ያጡት አተሞች) ወደ መሐል ሲወረወሩ ጥቂቶቹ ተጋጭተው ይዋሃዳሉ። በግማሹ ያህል ሂሊየም-3 እና ኒውትሮን፣ በቀሪው ትሪቲየምና ፕሮቶን ይወጣል። ውህደት መኖሩን የሚመሰክረው ኒውትሮኑ እንጂ ብርሃኑ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ቤታችንን ሊያበራልን ይችላል?

አይችልም፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በግል ሙከራ እጅግ ጥሩ የሚባል ፊውዘር በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ኒውትሮን ቢያወጣ፣ ከውህደቱ የሚገኘው ኃይል የአንድ ዋት ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ለዚያ 30 ሺህ ቮልትና 10 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 300 ዋት ትከፍላለህ። በአሜሪካ ትልቁ የሌዘር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2022 በ2.05 ሜጋ ጁል ሌዘር ከውህደት 3.15 ሜጋ ጁል ያገኘበት ውጤት በዓለም የተወራለትም ለዚህ ነው። እዚያም ቢሆን ሌዘሮቹ ራሳቸው ከመስመር የሳቡት ኤሌክትሪክ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር።

የማቀዝቀዣ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ ተዋስኩ። የግፊት መለኪያ ሰዓቱ ቀስት ግን 24 ላይ ቆሞ ወደ 30 አልሄድ አለ። ተበላሽቶ ይሆን?

ፓምፑ ደህና ነው፤ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። እኔም ያንኑ ቀስት አይቼ ፓምፑን ለሻጩ ልመልስ ተሸክሜው ወጥቼ ነበር። ያ ሰዓት የሚለካው በውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ሙሉ ባዶነት 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ያሳያል። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አምስት እጅ አራቱን ቢሆን ነው። ስለዚህ ምንም አየር ባይቀር እንኳ ቀስቱ ከ24 ብዙም አያልፍም።

ለፕላዝማ የምትፈልገው ግፊት ከከባቢው አየር በብዙ ሺህ እጅ ያነሰ ስለሆነ ያ ሰዓት አይጠቅምህም። በሽቦ ሙቀት የሚለካ የቫኪዩም መለኪያ ያስፈልግሃል። ገንዘብህን ከሁሉ አስቀድመህ እሱ ላይ አውል፤ ያለ መለኪያ የሚሠራ ሰው በጨለማ መርፌ የሚፈልግ ነው።

ከፍታችን ሌላም መዘዝ አለው። ስስ አየር ብልጭታን በቀላሉ ያሳልፋል፤ በውጭ መጻሕፍት ለከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ የሚሰጠውን ርቀት እዚህ ቢያንስ በሩቡ አስረዝሙት።

የመስታወት ማሰሮ መጠቀም ይቻላል?

የቤት ማሰሮ በፍጹም። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክዳን ላይ የጅማ አየር 260 ኪሎ ገደማ ይጫነዋል፤ አራት ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ተደራርቦበት ማለት ነው። የተሰነጠቀ ማሰሮ ወደ ውስጥ ፈርሶ ስባሪው ወደ ዓይን ይወረወራል። ለቫኪዩም የተሠራ ወፍራም መስታወት ካገኛችሁም ዙሪያውን መከለያ አድርጉለት።

ክረምት ሲገባ ግፊቱ አልወርድ አለኝ፤ በጋ ላይ ግን በአሥር ደቂቃ ይወርድ ነበር። የሚያፈስ ቦታ አላገኘሁም።

እህቴ፣ ምናልባት የሚያፈስ ነገር የለም። ውኃ ነው። የጅማ ክረምት ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ቡና የሚያደርቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃሽን በከፈትሽ ቁጥር እርጥበቱ የብረቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይተናል፣ የፓምፑንም ዘይት ያበላሻል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ቀይሪው። ዕቃውን ባዶ እጅሽ እስኪችለው ድረስ ከውጭ እያሞቅሽ ፓምፑን አሠሪ፤ ሳይሠራም ተዘግቶ ይቆይ።

ካልተሻለ ማኅተሙን እይ። እኔ ሦስት ሳምንት ያንከራተተኝ አንድ ፀጉር ነበር። የክዳኑ የጎማ ቀለበት ላይ ተጋድሞ ከጎማው ጋር አብሮ ጠቁሮ አይታይም። በጥፍሬ ስዳብሰው ነው የተሰማኝ። ሳነሣውና ጎማውን አብሼ ስመልሰው መለኪያው በደቂቃዎች ውስጥ ወረደ፤ በዚያ ምሽት መጀመሪያ ሐምራዊው ጭጋግ፣ ኋላም ከመረቡ ቀዳዳዎች በየአቅጣጫው የሚፈነጥቁት ቀጫጭን ጨረሮች ታዩ። ተማሪዎቹ ኮከብ ያሉት ያንን ነው።

ፓምፑ በጣም በደንብ ሲስብ ብርሃኑ ጭራሽ ጠፋ። ለምን?

የሚጋጭ ሞለኪውል ስላነሰ ነው። ግፊቱም፣ በመረቡና በግድግዳው መካከል ያለው ርቀትም ተመጣጥነው ካልሆነ ፕላዝማ አይነሣም፤ የፊዚክስ ሊቁ ፍሬድሪክ ፓሽን እ.ኤ.አ. በ1889 ያሳየው ይህንን ነው። በመርፌ ቫልቭ ጥቂት አየር አስገባ፤ ቮልቴጁን አትጨምር።

ልጄ ከማይክሮዌቭ ምድጃ ትራንስፎርመር አውጥቶ ጓዳ ውስጥ ይነካካል። ምን ልበለው?

እናቴ፣ ዛሬውኑ ይውሰዱበት። ይህን ስጽፍ እጅግ አስቤበት ነው። ያ ትራንስፎርመር ሁለት ሺህ ቮልት ገደማ ከበቂ በላይ በሆነ ፍሰት ይሰጣል፤ በደረት በኩል የሚያልፍ 30 ሚሊ አምፔር እንኳ ልብን ሊያውክ ይችላል። የተነካ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። ልጅዎን ግን አይቆጡት፤ ወደ መምህሩ ይላኩት። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ሥራ ኤሌክትሪክ በሚያውቅ ሰው ፊት፣ ብረቱ በሙሉ ከአርዝ ሽቦ ጋር ታስሮ፣ ማጥፊያው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ብቻ ይሥራ። እስከዚያው የቫኪዩሙን ክፍል ይሥራ፤ ከሥራው የሚበዛው እሱ ነው።

እስከ 30 ኪሎ ቮልት ብንወስደውስ?

ያን ጊዜ ነገሩ ኤክስሬይ ይሆናል። እኔ ከ5 ኪሎ ቮልት አላልፍም። ከ10 በላይ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ ብረቱን ሲመቱ የሚወጣው ጨረር በመስታወት መስኮቱ በኩል ማምለጥ ይጀምራል፤ እንደ 30 ባለው ደግሞ ያለ እርሳስ መከለያና ያለ ጨረር መለኪያ አጠገቡ መቆም አይገባም። ጨረር የሚያመነጭ መሣሪያ በአገራችን ሕግ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። ከዚያ መድረስ የሚፈልግ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ መምህራንን ያማክር።

ዲዩቴሪየም ከአዌቱ ወንዝ ውኃ ይገኛል?

አለበት፤ ከ6,400 የሃይድሮጅን አተሞች አንዱ ያህል እሱ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው ግን 0.03 ግራም ገደማ ነው፤ ለይቶ ማውጣቱ የፋብሪካ ሥራ ነው።

በሥራ መሐል መብራት ቢጠፋ ምን ይደረጋል?

በፓምፑና በዕቃው መካከል ያለውን ቫልቭ ወዲያው ዝጉ። ፓምፑ ሲቆም በዕቃው ያለው ባዶነት ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ እኔ አንድ ጊዜ ዘግይቼ መረቡም ግድግዳውም በዘይት ተለውሶ ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚያ የከፍተኛ ቮልቴጁን ማጥፊያ ዝቅ አድርጉ፤ መብራቱ ሲመለስ በራሱ እንዳይነሣ። መረቡን ከመንካታችሁ በፊት የአርዝ ሽቦ የታሰረበትን ዘንግ በረጅም እጀታ ይዛችሁ መረቡን አስነኩት፤ ካፓሲተሩ መብራት ከጠፋ በኋላም ኃይሉን ይዞ ይቆያል።