የውሻ እብጠትና ሁለተኛ ሐኪም፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከሐይቅ ውሻቸው ላይ ያልለመዱት እብጠት ያዩ ሰዎች ጠይቀዋል፤ የሚመልሰው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ሰባት ዓመት የሆነው ወንድ ውሻ አለኝ። ጎድኑ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣበት። ሐኪሙ ዳሰሰውና «ስብ ነው፣ ተወው» አለኝ። ልቤ አላረፈም። ሌላ ሐኪም የት ላግኝ?

መልስ፦ የት የሚለው ይቆየንና፣ ናሙና ለመውሰድ መርፌ ገብቶበታል? በጣት ብቻ የተዳሰሰ ከሆነ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱም የሚያገኙት ሌላ ጣት ነው። ለስላሳና ከቆዳ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚል እብጠት ብዙ ጊዜ ስብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ማስት ሴል የሚባለው ካንሰርም ልክ እንደ ስብ ለስልሶ ይዳሰሳል፤ በእጅ ብቻ እርግጠኛ ሆኖ የሚለያቸው የለም። እብጠት 1 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ወይም አንድ ወር ከቆየ ናሙና ይወሰድለት።

ናሙናው ባብዛኛው ማደንዘዣ እንኳ አይፈልግም። የውሻው አፍ በፋሻ ይታሰራል፣ ቦታው በአልኮል ይጠረጋል። ባለሙያው እብጠቱን በሁለት ጣት ወጥሮ ይዞ ባለ 22 ጌጅ መርፌ ያለ ሲሪንጅ ያስገባና በአንድ መስመር አምስት ስድስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያመላልሰዋል። ከዚያ መርፌውን ያወጣል፤ አየር የሳበ ባለ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ይሰካበትና ይዘቱን ስላይድ (በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቀጭን መስታወት) ላይ እፍ ያደርገዋል። ሌላ ስላይድ ደርቦ ሳይጫን ይጎትታል። ከተጫነ ሴሎቹ ይፈርጣሉ፣ የሚነበብም አይኖርም። ከተለያየ አቅጣጫ እየወሰደ ከ4 እስከ 6 ስላይድ ያዘጋጅ፤ ሁለቱ ስላይዶች የላቦራቶሪ ቀለም ሳይነካቸው ይቀመጡ። በአየር ይድረቁ፣ ፍሪጅ አይግቡ። ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ኬሚካል) ካለበት ዕቃ ጋር በአንድ ፌስታል አይታሰሩ፤ ትነቱ ብቻ ያበላሻቸዋል። ስላይዱ ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይጠፋል።

አሁን ወደ «የት» እንመለስ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ ከዚያ ካለፈ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ነገር ግን ላቦራቶሪ ስላለ ብቻ የውሻ እብጠት ያነባል ማለት አይደለም፤ አገራችን ውስጥ አብዛኛው የምርመራ ሥራ የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ ነው። አስቀድመው «ከእብጠት የተወሰደ የሴል ናሙና የሚያነብ ሰው አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ውሻውን አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከማንገላታት ስላይዱን መላክ ይሻላል። አብሮት የሚሄደው ወረቀት ዕድሜውን፣ ጾታውን፣ እብጠቱ ያለበትን ቦታ፣ በማስመሪያ የተለካ መጠኑን፣ መቼ እንደታየና ምን መድኃኒት እንደተሰጠ ይያዝ። «ደም ብቻ ነው» የሚል ውጤት ከመጣ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ይደገም።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ሐኪማችን የሰፈር ሰው ነው። ሌላ ጋ ሄድኩ ብለው ቅር እንዳይለው እፈራለሁ።

መልስ፦ «አላመንኩህም» የሚል ቃል ምን አስወጣዎት? «ዶክተር፣ ስላይዱን የሚያነብ ሰው ዘንድ ልላከው፣ ወረቀት ይጻፉልኝ» ይበሉት። ናሙናውን የሚወስደውም እሱ ይሁን። ውጤቱ ተመልሶ የሚመጣው እሱው ዘንድ ነው፣ ሕክምናውንም የሚቀጥለው እሱ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ታፋው ላይ ያለው እብጠት ሲነካካ ይቀላል፣ ያብጣል፤ አድሮ ደግሞ ይቀንሳል። መርፌ ተወጋና ሟሸሸ። ዳነ?

መልስ፦ አልዳነም ብለው ይነሱ። ሲነካ የሚቆጣ፣ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ማስት ሴልን ያስጠረጥራል። ሴሎቹ ሂስታሚን የሚባል የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ስለያዙ ሲታሹ ይለቁታል፤ የጨጓራ አሲድም ስለሚጨምር ማስመለስና ጥቁር ሰገራ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ አይሹት፣ ሰውም እየመጣ አይጫነው።

የተወጋው ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን፣ እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ከሆነ ይህን ዓይነት እብጠት ለጊዜው ያሟሽሸዋል፣ ምርመራውንም ያደበዝዛል። የመድኃኒቱን ስምና ቀኑን ጽፈው ለሁለተኛው ሐኪም ይስጡ። ገና ላልተወጋ ውሻ ቅደም ተከተሉ ናሙና፣ ከዚያ ዴክሳ ነው።

«ከፍተን እንየው» የሚል ካለም አይቸኩሉ። ማስት ሴል ከሆነ ዙሪያውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ፣ ከሥሩም አንድ ሽፋን ወርዶ መቆረጥ አለበት፤ ጠባብ ተቆርጦ ከተሰፋ በኋላ ያንን ማስተካከል ከባድ ነው። የተቆረጠው አይጣል፤ ለምርመራ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጥ። ከፋርማሲ የሚገዛው ፎርማሊን ጠንካራ ስለሆነ አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ያቅጥኑት፤ ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይከፈት። ፈሳሹ የሥጋውን አሥር እጥፍ ይሁን። ከ1 ሴንቲ ሜትር የወፈረ ሥጋ እንደ ዳቦ ይሰንጠቅ፣ ካልሆነ መሐሉ ይበሰብሳል። ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን፤ ሥጋው ሲጠነክር በጠባብ አፍ አይወጣም።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ጎረቤት «በምላጭ ይበጣ፣ ካልሆነም ይተኮስ» ይላል።

መልስ፦ አይበጣ፣ አይተኮስ። ከንክሻ በኋላ በጥቂት ቀን የወጣ፣ የሚያተኩስና የሚያመው እብጠት መግል ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ሐኪም ነው ዝቅ ካለው ጎኑ ከፍቶ የሚያጥበው። ዕጢ ከተበጣ ይደማል፣ ቁስሉም አይገጥምም። እምብርት ወይም ጉያ ላይ ሆኖ ሲገፉት ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ አንጀት ሊሆን ስለሚችል መርፌም አይቅረበው።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ መንጋጋው ሥር ግራና ቀኝ እኩል አብጧል።

መልስ፦ ንፍፊት ነው የሚመስለው። ከትከሻው ፊትና ከኋላ እግሩ ጉልበት ጀርባ ይዳስሱ። እነዚያም ካበጡ የንፍፊት ካንሰር ወይም መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ ስለሚጠረጠር የደም ምርመራ ይጨመር። ናሙናው ከጉልበቱ ወይም ከትከሻው ይወሰድ፤ የመንጋጋው በጥርስ ሕመም ብቻም ያብጣል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ሴቷ ውሻ ብልቷ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ የሚደማ ሥጋ ወጣ። ቀዶ ሕክምና ተባልኩ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለተኛ ሐኪም ይጠይቁ። ልቅ የሚዞሩ ውሾች በግንኙነት የሚተላለፉት ዕጢ ይመስላል፤ የሚተላለፈው ራሱ የካንሰሩ ሴል ነው። በስላይድ በቀላሉ ይታወቃል። ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ግን ባብዛኛው ያድነዋል። መጠኑ በኪሎ 0.025 ሚሊ ግራም፣ ለ20 ኪሎ ውሻ 0.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በደም ሥር ይሰጣል። በካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ካልሆነ አይሰጥ፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ይገድለዋል። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ነጭ የደም ሴል ይቆጠር።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ውጤቱ እስኪመጣ ዳይክሎፌናክ ብሰጠውስ?

መልስ፦ አይስጡ። የሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ፤ ዴክሳ በተወጋ ውሻ ላይ ደግሞ ይብሳል። ካመመው ሐኪሙ ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ በክብደቱ ይዘዝለት።