የሙያ ምክር፦ ከ17ቱ ተማሪዎች ይልቅ 9ኙን ቁጠሪ

ከገርጂ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነሽ፤ እጅሽ ላይ የሚደርስሽ ደመወዝ 21,000 ብር ነው። ባለፈው መስከረም በወር 8,000 ብር አንድ ክፍል ተከራየሽ፤ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነሽ፣ ኪቦርድና ረጅም መስታወት አስገብተሽ ድምፅ ማስተማር ጀመርሽ። በ4 ተማሪ የተነሣው በሰኔ 17 ደረሰ፤ እያንዳንዱ በወር 2,000 ብር ይከፍላል። ሰኔ መጨረሻ ላይም 11ዱ ቤተሰብና ወዳጅ በተሰበሰበበት ዘፈኑ። አሁን የምትጠይቂኝ ሁለት ነገር ነው፦ ባንኩን ልልቀቅ ወይ? ዲፕሎማ ሳይኖረኝስ «የድምፅ አስተማሪ ነኝ» ማለት እችላለሁ ወይ?

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ቀኑን ሙሉ ብር ስትቆጥሪ ውለሽ ማታ ደግሞ የሰው ድምፅ ለማረቅ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

ስለ ባንኩ ግን መልሴ፦ በዚህ መስከረም አትልቀቂ። ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ በአንድ መስመር አለፍሽው እንጂ። «መጋቢት ላይ 9 ብቻ ቀርተው ነበር፣ ከፋሲካ በኋላ ግን ተመለሱ» ብለሻል። ለእኔ የደብዳቤሽ ዋናው ቁጥር ይህ 9 ነው። ሂሳቡን እንሥራው። በሰኔ 34,000 ብር ገባ፤ ኪራይ ሲነሣ 26,000 ይቀራል፣ ከደመወዝሽ ይበልጣል። በመጋቢት ግን 18,000 ገባ፤ ከኪራይ በኋላ የቀረሽ 10,000 ብር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ዓለማዊ ዘፈን ይተዋል፣ ሠርግም የለም። ይህ የአንድ ዓመት አጋጣሚ አይደለም፤ በየዓመቱ ይመጣል። መልቀቅሽን በሰኔው ሳይሆን በመጋቢቱ ቁጥር መዝኚው። ባንኩን ስትለቂ የሚቀርብሽም ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ አሠሪሽ በየወሩ የሚከፍልልሽ የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ፣ ለሠራተኛ የሚሰጥ የቤት ብድር ካለም እሱን አስቢው። አንዲት የባሕላዊ ጭፈራ አሠልጣኝ አማክሬ ነበር፤ ክረምት ላይ ክፍሉ በልጆች ሲሞላ ሥራዋን ለቀቀች፣ ጥቅምት ላይ ልጆቹ ትምህርታቸው ውስጥ ሲገቡ የኪራይ ብር አጣች። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ የሚመጣውን ጾም ተዘጋጅተሽ ጠብቂው። ያደግሽው ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ነው ብለሻል። በጾሙ ወራት ትንፋሽ፣ ጆሮን ማሠልጠን፣ ኖታ ማንበብ፣ እንዲሁም መዝሙር ለሚዘምሩ ድምፅ አያያዝ አስተምሪ፤ ዘፈን የሚተወው ተማሪ ያለ ኅሊና ወቀሳ ይመጣል። ክፍያውንም በየወሩ ከመልቀም በሦስት ወር አድርጊው። ከጾሙ 14 ወይም 15 ተማሪ ይዘሽ ከወጣሽ ያን ጊዜ ስለ መልቀቅ በቁም ነገር እናወራለን።

ከገንዘቡ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «ሐሙስ ማታ ሲደርስ ድምፄ ይሻክራል፣ ዝንጅብል በማር እጠጣለሁ» ብለሻል። እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ሆነሽ ለደንበኛ ትጮኺያለሽ፤ ከዚያ በሳምንት 17 ሰዓት ታስተምሪያለሽ። የሴት የድምፅ አውታሮች በተራ ንግግር እንኳ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ዝንጅብሉ ጉሮሮሽን ያሞቅልሽ ይሆናል፤ ግን የሚዋጥ ነገር በምግብ መውረጃ ስለሚሄድ አውታሮቹን አይነካቸውም። የሚረዳቸው ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጣትና ዝምታ ነው፤ ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም። መሻከሩ ከሦስት ሳምንት ካለፈ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ውስጡን በመሣሪያ ይዩልሽ። ስታስተምሪም ከተማሪው ጋር አብረሽ አትዝፈኚ፤ አንድ ጊዜ አሳይተሽ ስሚ። ማታ ክፍሉን ከመክፈትሽ በፊት ስትሮ ውኃ ውስጥ ነክረሽ ድምፅ እያወጣሽ ለአምስት ደቂቃ ንፊ፤ የደከመ ድምፅ ያላላል። ከ17 በላይም አሁን አትቀበዪ። ትንንሾቹን ልጆች አራት አራት አድርገሽ ቅዳሜ ከሰዓት በቡድን ብታስተምሪ ሁለት ምሽት ነፃ ይሆንልሻል።

ዲፕሎማውን በተመለከተ፦ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ መማር ለሚችል ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ዕድሉን ብታገኚ ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤት ተቀጥረሽ ለማስተማር ከፈለግሽም ወረቀቱ ግድ ይሆናል። በግል ለማስተማር ግን ሰው የሚመዝንሽ በተማሪዎችሽ ድምፅ ነው። በአገራችን የዜማ ትምህርት ከጥንትም እንዲህ ነው። የዜማ ቤት ተማሪ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ያዜማል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ ደግሞ ያዜማል። ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የዘለቀውም ችሎታውን ለማስመስከር ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ይወርዳል፤ እዚያ የሚጠየቀው ማዜም ነው። አንቺም አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ተማሪሽ ሳይስት እንዲይዝ ካደረግሽ አስተማሪ ነሽ። ዝም ብለሽ «ነኝ» በይ።

እናትሽ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው ወይ?» ማለታቸው አስከፍቶሻል። እኔ በቃሉ አላፍርም፤ ማሲንቆ ይዞ ግጥም እዚያው እየፈጠረ የሚያዜም ሰው ከልጅነቱ የለፋበት ሙያ አለው። እሳቸው የፈሩት ግን የኑሮሽን አለመረጋጋት ይመስለኛል። የመጋቢቱን ሂሳብና ለጾሙ ያሰብሽውን አሳያቸው፤ ንግድ ፈቃድና የግብር መለያ ቁጥርም ስታወጪ አብረው ይምጡ።

አንድ ነገር ይቅርታ አድርጊልኝና ልገሥጽሽ። ስለ 17ቱ ሦስት አንቀጽ ጻፍሽ፤ ስለዚያ የሒሳብ ሠራተኛ አባት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ለልጁ ሠርግ ለመዝፈን የመጣ፣ በመጀመሪያው ወር አፍሮ ፊቱን ወደ ብርድ ልብሱ አዙሮ የሚዘፍን የነበረ፣ በሰኔ ግን እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ሰው እያየ የዘፈነ። የዓመቱ ውጤት እሱ ነው። ጳጉሜን ላይ ተቀመጪና ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ክፈቺ፦ ሲመጣ ምን አቃተው፣ አሁን ምን ይችላል፣ የቀረም ከሆነ ለምን ቀረ። ከመስከረም ጀምሮ እያንዳንዱን አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን በስልክሽ ቅጂው፤ በሰኔ ያንኑ ዜማ ድገሚለት።

የዚያን አባት የመጀመሪያ ወር ቅጂ ካለሽ እንዳታጠፊው። ጥር ላይ የልጁ ሠርግ ሲያልፍ እንዴት እንደዘፈነ ጻፊልኝ።